የአምስት ቁጥር ማሊያ ነገር

ዝርዝሩ የተለጠፈው ዓርብ ጠዋት ነው። ከአምስቱ ኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የተመረጡት የአስራ አንድ ተጫዋቾች ስም፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ሰቆጣ ካለው ኮሌጃችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዋለ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ ካልነካሁት አይነበብልኝም። ሰሌዳው ደግሞ መስታወት አለው። መስታወቱን እየነካካሁ ከላይ እስከ ታች ወረድኩ። የልጄ ስም የለም።

ከታች ወደ ላይ ተመልሼ ወጣሁ። የለም።

አንዲት ተማሪ ስታልፍ አስቁሜ «እስኪ አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ። የለችም። ልጅቷን ግን አላውቃትም፤ ከተሸናፊዎቹ ኮሌጆች ከአንዱ የመጣች ብትሆንስ? ወደ ገበያ ወርጄ ጫማ ነጋዴውን ወዳጄን ሱቁን አዘግቼ አመጣሁት። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ አንድ ሰፈር አንድ ላይ ያደግን ነን። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አነበበ።

«የለችም» አለኝ።

«ደህና አድርገህ አንብብ እንጂ።»

«አስራ አንድ ሰው እኮ ነው፣ የቀበሌ መዝገብ አይደለም! የለችም አልኩህ፣ የለችም።»

ሦስት ሰው አንብቦ ሦስቱም አንድ ነገር ካለ፣ ስሟ ተረስቶ አይደለም። ሰው አውጥቷታል ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማን እንዳወጣት መፈለግ ያዝኩ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልናገር። ልጄ የመጨረሻ ልጄ ናት። ጦርነቱ ትምህርቷን አቋርጦባት፣ እኩዮቿ ሲመረቁ እሷ ገና ኮሌጅ ገባች። ኳስ ግን አላቋረጠችም። ሰው ዱቄት ሲፈልግ በሚውልበት ጊዜ እንኳ ከጨርቅ የጠቀለለችውን ግድግዳ ላይ ትመታ ነበር። እነዚያ አስራ አንድ ልጆች ለክልሉ የማሠልጠኛ ጣቢያ እንደሚታጩ ተነግሮናል። ዓመቱ ለእሷ የኮሌጁ የመጨረሻዋ ነው። ከዝርዝሩ ከቀረች ሌላ በር የላትም። አንድ ቀን፣ ያውም ልብስ እያጠበች፣ «አባ፣ ይቺን ካለፍኩ ሌላ ምንም አልለምንዎትም» ብላኝ ነበር። ልጄ ስትለምን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ የዚያው ኮሌጅ የስፖርት ዕቃ ክፍል ጠባቂ ነኝ። ጡረታ ወጥቼም በኮንትራት አስቀሩኝ። ኳሱ፣ መረቡ፣ ማሊያው፣ ፊሽካው ሳይቀር በእኔ እጅ ነው። ጦርነቱ አልፎ ክፍሉን ልንከፍት ስንመጣ የሚከፈት በር እንኳ አልጠበቀንም፤ በሩም ተወስዷል። አንድ የተቀደደ መረብ ብቻ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰው አላምንም። ቀድሞም እምብዛም አላምንም ነበር። ስለዚህ አስራ ስምንት ማሊያ በስጦታ ሲመጣልን አንድ ደብተር ይዤ ሕግ አወጣሁ። በየጨዋታው ለእያንዳንዷ ልጅ የሰጠኋትን ቁጥር እጽፋለሁ፤ እሷ ከጎኑ ትፈርማለች፤ ስትመልስ ጭረት አደርግበታለሁ።

«አባባ፣ ማሊያ ይዘን የት እንጠፋለን?» እያሉ ይስቁብኛል።

«ስትጠፉ እናየዋለን» እላቸዋለሁ።

ልጄንም አስፈርማታለሁ። ወልጃታለሁ ብዬ አልተውኳትም።

በዚያ ዓመት ውድድሩ እኛ ዘንድ ሆነ። እኛ አራት ጊዜ ተጫወትን፤ አራተኛው የዋንጫው ነው። በየጨዋታው ሦስት ታዛቢዎች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ታዛቢዎቹ በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ልጆቹን በስም አያውቋቸውም። ደህና የተጫወተችዋን ልጅ የማሊያ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ አጥፈው ለሰብሳቢው ያስረክባሉ። ሰብሳቢው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጥቁር መነጽር ከዓይኑ የማይለይ ሰው ነው። ሜዳውን ሲመለከት አላየሁትም። ወረቀቱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ከዚያ ከእንግዶቹ አሰልጣኞች ጋር ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። ገና በመጀመሪያው ቀን አልጣመኝም።

በዚያው በመጀመሪያው ጨዋታ ልጄ አምስት ቁጥር ለብሳ ገባች። ውድድሩ ሲጀመር በተሞላው የስም መዝገብም ላይ ቁጥሯ አምስት ነው። ተከላካይ ናት። እኔ ኳስ ብዙ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ወደ እሷ የመጣ ኳስ ሁሉ እዚያው ሲቀር አየሁ። በሁለተኛው አርባ አምስት ደቂቃ ሕዝቡ ጨዋታውን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። «አምስት ቁጥር! አምስት ቁጥር!» ይላል ወንዱም ሴቱም። «እንዴት ያለች ልጅ ናት! አጥንቷ ብረት ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላዬ። ዞር ብዬ አየሁት። እንትፍ እንኳ ሳይል ነው እንዲህ ያለው።

በማግስቱ ልጄ ራሷን አሟት ተኛች። ምግብ አስጠላት።

«ፀሐይ ነው፣ አባ» አለችኝ።

ፀሐይ አይደለም። ፀሐዩማ ሃያ ሁለቱም ላይ ነው የወጣው፤ ታዲያ እሷን ብቻ ለምን አመማት?

እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ወንዶች ቀብራለች። እኔ ስወለድ የእህቴን ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ስሜን ደብቃ በሌላ ስም ጠራችኝ። ሰው «የማን ልጅ ነው?» ሲላት «የጎረቤት ነው» ትል ነበር። ዓይን የሚፈልገውን አጥቶ አለፈ፤ ይኸው ሰባ ዓመት አለፈኝ። ይህን የሚስቅበት ይሳቅበት። እኔ ግን በዚያ ነው የኖርኩት።

ስለዚህ በሁለተኛው ጨዋታ ለልጄ አስራ አራት ቁጥር ሰጠኋት። አምስት ቁጥርን ወንበር ላይ ለምትውል አንዲት ተቀያሪ ሰጠኋት። አሰልጣኙ ደህና ልጅ ነው፣ ግን ይቸኩላል። «አባባ፣ ማሊያው ተቀያየረ እንዴ?» አለኝ።

«አልደረቀም» አልኩት።

በሦስተኛው ጨዋታ ሦስት ቁጥር፣ በዋንጫው ስምንት ቁጥር አለበስኳት። ልጆቹም ያገኙትን ለብሰው ይገባሉ እንጂ አይጠይቁም፤ ከጦርነቱ በኋላ ማሊያ መገኘቱም ተመስገን ነው። ሕዝቡ በየቀኑ አዲስ ቁጥር ሲጠራ እኔ በሆዴ እስቃለሁ። ልጄን ከዚያ ወዲያ አላመማትም። ዋንጫውንም በላን።

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ ፊት ቆሜ፣ የእሷን መቅረት ትቼ የገቡትን መመርመር ጀመርኩ። ከእኛ ኮሌጅ ሦስት ልጆች ገብተዋል። ሁለቱ ይገባቸዋል። ሦስተኛዋ ግን ከጽጽቃ በኩል የመጣች ተቀያሪ ናት። በአራቱም ጨዋታ ተደምሮ እግሯ ኳስ መንካቱን እንጃ። በዋንጫው ቀንማ ጃኬቷን ደርባ ወንበር ላይ ነው የዋለችው።

«ይቺ ልጅ ዘመድ አላት» አልኩት ለወዳጄ።

«የት?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

«አንተ እኮ ጥላህ ከኋላህ ሲከተልህም ‹ምን ፈልጎ ነው?› ትላለህ» አለና ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ቀኑን ሙሉ አጣራሁ። ሰብሳቢው ከማን ጋር ምሳ እንደበላ ጠየቅኩ። አሰልጣኙ እናቱ ከወዴት እንደሆነች ጠየቅኩ፤ ከአምደወርቅ ነች አሉኝ። አምደወርቅና ጽጽቃ ምን ያገናኛቸዋል? ምናልባት በጋብቻ። ማታ ቤት ስገባ ልጄ ታኬታዋን አጥባ፣ ጆንያ ውስጥ ከትታ፣ ጆንያውን ምሰሶ ላይ ሰቅላዋለች። እህል እንደሚሰቀል።

«ምነው ሰቀልሽው?»

«አይጥ እንዳይበላው ነው። አባ፣ እባክዎን ነገር አያንሱ። ነጥብ ነው፤ አልሞላልኝም፤ አለቀ።»

«ተጫውተሽ አልሞላም? ተቀምጣ የሞላላት እያለች?»

«እሷን ምንም እንዳይሏት! ጓደኛዬ ናት» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሽልማቱ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ዋንጫው፣ ሜዳሊያው፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የእኛዎቹ ልጆች ለፎቶ የሚለብሱት ማሊያ፣ ሁሉም እኔ ክፍል ነው ያለው። ድሮ አንድ ነገር ሲጠፋ አገሩ አውጫጪኝ ይቀመጥ ነበር። የወሰደው ሰው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። እኔም በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ከጋቢዬ ሥር ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥኩ።

አሰልጣኙ እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ ቁልፉን ቶሎ፣ እንግዶች ተቀምጠዋል።»

«ልጄን ከዝርዝሩ ማን አወጣት?»

«ማንም አላወጣትም። ነጥብ ነው እኮ!»

«ነጥቡን ማን ደመረው?»

«ሰብሳቢው።»

«እንግዲያው ሰብሳቢው ይምጣና እዚህ ደምሮ ያሳየኝ። አለበለዚያ ሽልማታችሁን በመስኮት እያያችሁ አጨብጭቡ።»

ሰው ተሰበሰበ። ወዳጄም ወሬው ደርሶት መጥቷል። «ይሄ ሰውዬ ቁልፉን ውጦት ነው፤ ሐኪም ጥሩለት» ይላል ከኋላ፤ ሰው ይስቃል። ልጄ ራቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

ሰብሳቢው ቦርሳውን ታቅፎ መጣ። ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ጥቁር መነጽሩን አወለቀ። አንደኛው ዓይኑ ደም መስሏል፣ ያለቅሳል። ለካ ዓይኑ ታሞ ኖሯል። የታመመ ሰውም ይዋሻል ብዬ አሰብኩና ልቤን አላላላሁም።

«አባቴ፣ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው» አለኝ። ቁርጥራጮቹን ወረቀቶች በየቀናቸው ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። «ላነብልዎት እችላለሁ።»

«ቁጥር አውቃለሁ።»

«ጥሩ። የልጅዎ ቁጥር መዝገቡ ላይ አምስት ነው። ይኸው የመጀመሪያው ቀን፤ አምስት ቁጥር ከሦስቱም ታዛቢዎች ሙሉ ነጥብ። ሁለተኛው ቀን ግን አምስት ቁጥር ምንም የላትም። ሦስተኛውም ቀን የላትም። በዋንጫውም የላትም። የአንድ ቀን ነጥብ አያስገባም።»

«በሁለተኛው ቀን ሙሉ ነጥብ ያገኘችው ማን ናት?»

«አስራ አራት።»

«በሦስተኛው?»

«ሦስት ቁጥር።»

የዋንጫውን አልጠየቅኩም። እሱ ግን ነገረኝ። «በዋንጫው ደግሞ ስምንት ቁጥር። የዋንጫው ነጥብ እጥፍ ስለሚያዝ፣ ስምንት ቁጥር በዚያች ቀን ብቻ አለፈች። መዝገቡ ላይ ስምንት ቁጥር ከጽጽቃ የመጣችዋ ናት።»

አምስት፣ አስራ አራት፣ ሦስት፣ ስምንት። ልጄ እንኳ የተሰጣትን ለበሰች እንጂ ለምን እንደሆነ አታውቅም። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሌላው ሰው አልገባውም። አሰልጣኙ ሰዓቱን ያያል። «በል፣ ገብቶኛል» ብዬ ቁልፉን ብሰጥ፣ ሽልማቱ ይሆን ነበር፤ እኔም «እነዚያ ሌቦች» እያልኩ እስክሞት እኖር ነበር። የምጠረጥራቸው ሰዎች ቢቀሩብኝ ይቀልለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ቀና ስል ልጄን አየሁ። ታኬታዋን ምሰሶ ላይ የሰቀለች ልጅ ናት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?» አለ አሰልጣኙ።

«ያወጣኋት እኔ ነኝ። ማሊያውን በየቀኑ የቀየርኩባት እኔ ነኝ።»

«አልደረቀም አላሉኝም እንዴ?»

«ደርቆ ነበር።»

ከዚያ ምክንያቱን ተናገርኩ። ዓይን ፈርቼ እንደሆነ፣ እናቴ በእኔ ያደረገችውን፣ ሁሉንም። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። ሰብሳቢው የታመመ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ «እናምንዎታለን እንበል፤ ግን ማስረጃ?» አለ።

ማስረጃው ደብተሩ ነው። ደብተሩ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው። ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ በሩን በገዛ እጄ ከፈትኩ።

ደብተሩን ገለጠው። በሁለተኛው ቀን አስራ አራት፣ ከጎኑ የልጄ ፊርማ። በሦስተኛው ሦስት፣ የልጄ ፊርማ። በዋንጫው ስምንት፣ የልጄ ፊርማ። በዚያው ቀን አምስት ቁጥር፣ የጽጽቃዋ ልጅ ፊርማ። ሰብሳቢው ለአምስቱም አሰልጣኞች አሳያቸው።

ልጄ ቀስ ብላ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «አባ፣ ከዓይን ሸሽገውኝ፣ ከሚያዩኝም ሸሸጉኝ» አለችኝ። ይሄ ከጩኸት የባሰ ነው።

ያን ጊዜ የጽጽቃዋ ልጅ ከሰው መሀል ወጣች። ደንግጣለች፣ ፈገግም ትላለች። «እኔም ገርሞኝ ነበር። በዋንጫው ቀን እኮ ወንበር ላይ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የዋልኩት። ስሜን ሳየው ግን ደስ አለኝና ዝም አልኩ። ይሰርዙኝ።»

«ልጄ፣ ይቅር በዪኝ። ዘመድ አላት ብዬ ስምሽን ሳነሳ ነው የዋልኩት» አልኳት።

«ለካ ዘመዴ አንቱ ነዎት!» ብላ ሳቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወዳጄማ ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ለአባቴ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ለጎረቤት ሁሉ አውርቶ ይሆናል። አሁን ምን እለዋለሁ?»

«እኔ እነግረዋለሁ። ደውዪልኝ።»

በእኛ ቋንቋ በኽምጣንጋ አወራሁት፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአማርኛ መናገር አይሆንልኝም። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ማሊያውን እንዴት እንደቀየርኩ፣ የልጁ ስም በእኔ ጥፋት ገብቶ አሁን በእኔ ጥፋት እንደሚወጣ ነገርኩት። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ማሊያውን የቀየሩት ዓይን ፈርተው ነው አሉኝ?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለበትን አምስት ቁጥርን ከልጅዎ አውልቀው ለኔ ልጅ ነው ያለበሱት?»

ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር። ልጄን ስሸሽግ የሰውን ልጅ ዓይኑ ፊት አቁሜያለሁ።

«ተቀምጣ ነበር» አልኩት። «ማንም አላያትም።»

«ዓይን የተቀመጠ የቆመ ይላል እንዴ? የዝርዝሩን ነገር ትቼዋለሁ። ይቺን ግን በአካል መጥቼ ነው የምንነጋገራት» አለና ዘጋው። በኋላ መጥቷል። ከቤቴ ሁለት ቀን ቆየ፤ ስንታረቅ የገዛ ልጁን ጠርቶ ግንባሯን ሳመ። እሱም እንደ እኔ ዓይን ፈርቶላት ነው፤ አውቄበታለሁ።

አምስቱ አሰልጣኞች ተስማምተው ስሙ ታረመ። ልጄ አምስት ቁጥሯን ለብሳ ተሸለመች። ስታልፍ ሕዝቡ አጨበጨበ። «አምስት ቁጥር!» ይላል እንደገና። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ። አፌን ሸፍኜ ሦስት ጊዜ እንትፍ ማለቴን ማንም አላየም።

ለማሠልጠኛው ጥሪ መጣላትና መናኸሪያ ሸኘኋት። ታኬታዋ በዚያው ጆንያ ውስጥ ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል በመስኮቱ ተጠጋሁ።

«እዚያ ቁጥርሽ ስንት ነው?»

«አላውቅም። እዚያ ማሊያ የሚያድለው ሌላ ሰው ነው፣ አባ» አለችኝና ሳቀች።

«ማነው እሱ? ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኳት።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። እስካሁን አልነገረችኝም።